ላደገ ልጅ የራሱ መደብ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርሻ ወይም ስለ ከብት አይደለም። ስለ ልጆቻችን መኝታ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ወሬ አለው? ልጅ እንደሆነ የትም ይተኛል» የሚል ይኖራል። አባቴም እንዲሁ ይል ነበር። እኔ ገና ልጅ አልወለድኩም። ስለዚህ የምናገረው እንደ ወላጅ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው።

እኛ ቤት ልጆች አምስት ነበርን። ሁላችንም የምንተኛው ምድጃው አጠገብ፣ በአንድ ጀንዲ ላይ ነበር። ትንንሾች ሳለን ሙቀቱ ደስ ይለን ነበር። ታላቅ እህቴ 12 ዓመት ሲሆናት ግን ነገሩ ተለወጠ። እንግዳ ሲመጣ ከመኝታዋ ትነሣለች። ልብስ ለመቀየር ጓሮ ትሄዳለች። ማታ ደብተሯን ስትገልጥ ትንሹ ወንድማችን ይረግጥባታል። አንድ ቀን ደብተሯ ምድጃ ውስጥ ወድቆ ተቃጠለ። እህቴ አላለቀሰችም። «እንግዲህ ትምህርቱ ይቅርብኝ» አለች። አባቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ መጥረቢያውን ይዞ እንጨት ሊቆርጥ ወጣ።

ልጅ 12፣ 13 ዓመት ሲሞላው ሰውነቱም ሐሳቡም ይለወጣል። ማፈር ይጀምራል። ብቻውን መሆን ያምረዋል። ሴት ልጅ ደግሞ በዚሁ ዕድሜ ግድም የወር አበባ ታያለች። የምትቀያይርበትና ንጹሕ ጨርቋን የምታስቀምጥበት ስውር ቦታ ያስፈልጋታል። ነገሩ የተፈጥሮ ነው፤ አያሳፍርም። ቦታ ያጣች ልጅ ግን ትሳቀቃለች፤ ከትምህርት ቤትም ትቀራለች።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እንጨት፣ ጭድ፣ ጭቃና ጉልበት ይበቃል። ጥሩው ጊዜ እህል ከተወቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጭድ አለ፤ ዝናብ የለም።

አንደኛ፣ ከምድጃውና ከከብቶቹ ራቅ ያለውን ጥግ ምረጡ። ጢስ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳልና።

ሁለተኛ፣ ጥጉን በእንጨት ከልሉ። ከሰው ቁመት ትንሽ ከበለጠ ይበቃል። በሩ ላይ አሮጌ ነጠላ ቢጋረድም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት። ከዚያ ምረጉት። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ድፈኑት። ስንጥቅ የትኋን መደበቂያ ነው።

አራተኛ፣ መደቡን በድንጋይና በጭቃ ሥሩ። ርዝመቱ 4 ክንድ፣ ስፋቱ 2 ክንድ፣ ከፍታው እስከ ጉልበት ይሁን። በደንብ ሳይደርቅ ልጅ አይተኛበት። የግድግዳው ጭቃ እርጥብ ሳለ ለደብተር የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ አብጁለት።

አምስተኛ፣ የቤቱን ዋና ቋሚ ሳትነኩ ትንሽ መስኮት አውጡ። ብርሃንና ንጹሕ አየር ይገባል። ወባ ባለበት አገር ከመደቡ በላይ አጎበር ስቀሉ። ኩራዝ ግን ከአጎበሩና ከሣሩ ይራቅ። በፀሐይ የሚሞላ መብራት ያለው ሰው ከጢስም ከእሳት አደጋም ይድናል።

ያደጉ ወንድና ሴት ልጆች ካሉ መደባቸው ለየብቻ ይሁን።

ከሁሉም የሚበልጠው ልጁን መጠየቅ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ጭቃ ግን ልጅ ያቦካውም ለግድግዳ ይበቃል። የእኛን ቤት ጭቃ ያቦካችው እህቴ ናት። ነጭ አፈር ከወንዝ ዳር አምጥታ ግድግዳውን የቀባችም እሷው ናት። አሮጌ ጋዜጣ ለምና ከመደቡ በላይ ለጠፈች። ከዚያ በኋላ ተኝታም ፊደል ታያለች።

ሥራው ያለቀ ዕለት ማታ አባቴ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ «ልግባ ወይ?» አለ። አባቴ በገዛ ቤቱ ፈቃድ ሲጠይቅ ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁ። እህቴ «ግባ አባዬ» አለች። አዲስ ደብተር ይዞላት ነበር። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄደች።

እናቶችና አባቶች! እስቲ ዛሬ ማታ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ያደገው ልጃችሁ የት ነው የሚተኛው? ደብተሩንስ የት ያስቀምጣል? ከዚያ እሱን ራሱን ጠይቁት።