ርቀት፣ ብርሃንና ክብደት፦ ለዱር እንስሳትና ለስፖርት ፎቶግራፍ የቴሌፎቶ ዙም ሌንስ አመራረጥ



ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎች ዘወትር የምታነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «የትኛው ሌንስ ይሻላል?» የሚል ነው። በእኔ እምነት ምርጫው መጀመር ያለበት ከሌንሱ ሳይሆን ከርቀቱ ነው። የዱር እንስሳትና የስፖርት ፎቶግራፍ የሚጋሩት ባሕርይ አለ፤ በሁለቱም ፎቶግራፍ አንሺው እንደ ልቡ መቅረብ አይችልም። በሜዳ የሚያግደው ደንብ ነው፤ በዱር ግን ሕሊናው ሊያግደው ይገባል።

ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል፤ አብዛኛውም የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። አይጦችን የሚያድነው በቀን በመሆኑ ለካሜራ የተመቸ ይመስላል። ሆኖም ስንጠጋው አደኑን አቋርጦ ቢመለከተን፣ ያነሣነው ፎቶግራፍ የተፈጥሮ ባሕርዩ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የእኛ መምጣት ማስረጃ ይሆናል። ለተመራማሪ ይህ ከደበዘዘ ምስል የከፋ ጉድለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር በሆነ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር፣ በ50 ሜትር ርቀት፣ የትኩረት ርዝመቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ 9 ሜትር ስፋት ይይዛል፤ 600 ሚሊ ሜትሩ ግን 3 ሜትር ብቻ። የአካሉ ርዝመት ያለ ጭራው 1 ሜትር ገደማ የሆነው ቀበሮ በመጀመሪያው የምስሉን ስፋት አንድ ዘጠነኛ፣ በሁለተኛው አንድ ሦስተኛ ይሸፍናል። ስለዚህ ለባሌ እስከ 600 የሚደርስ ዙም ተገቢ ነው። በሰሜን ተራሮች ሰውን ለለመዱት የጭላዳ መንጋዎች ግን ከ100 እስከ 400 ያለው ይበቃል።

በስፖርት ዋናው ጥያቄ ብርሃን ነው። ኳስ የሚመታን ተጫዋች ሳይደበዝዝ ለማስቀረት የመዝጊያው ፍጥነት ቢያንስ አንድ ሺህኛ ሰከንድ መሆን ይኖርበታል። በመብራት በሚደረግ ጨዋታ በኤፍ/2.8 አይኤስኦ 3200 የሚበቃ ከሆነ፣ በኤፍ/6.3 አይኤስኦ 16000 ያስፈልጋል፤ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን በአምስት እጥፍ ገደማ ቀንሷልና። የምስል ማረጋጊያም እዚህ ላይ አይደርስልንም፤ የእጃችንን መንቀጥቀጥ ያስታግሣል እንጂ የተጫዋቹን እግር አያቆምም። ከግቡ ጀርባ ሆኖ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ተጫዋች ለሚያነሣ ሰው፣ ካሜራውን ወደ ላይ አቁሞ ሲይዝ፣ 200 ሚሊ ሜትር 3.6 ሜትር ከፍታ ያሳየዋል፤ ለዝላይም ቦታ ይተርፋል። ስለዚህ ለስፖርት ከ70 እስከ 200 ያለው ባለ ኤፍ/2.8 ሌንስ የረጅሙን ያህል ባይደርስም ይመረጣል።

ሁለቱን በቴሌኮንቨርተር አስታርቃለሁ የሚል ዋጋውን ይወቅ፤ ባለ ሁለት እጥፉ ኤፍ/2.8ን ወደ ኤፍ/5.6 ያወርዳል። ርዝመት ብቻውንም ሁሉን አይፈታም፤ በቀትር ሙቀት በሚርገበገብ አየር ውስጥ ከሩቅ የተነሣ ምስል የሌንሱ ዋጋ የቱንም ያህል ቢሆን ይደበዝዛል።

ክብደትም አይዘነጋ። እስከ 600 የሚደርሱት የተለመዱ ዙሞች 2 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናሉ። ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር በሚያህለው በሳነቴ አምባ ቀኑን ሙሉ ሲሸከሙት ይህ ቀላል አይደለም። ከብዶ ድንኳን ውስጥ የቀረ ሌንስ አንድም ምስል አያነሣም።

የትምህርት ክፍሎች በጋራ ሲገዙም ትልቁን ቁጥር በማየት አይወስኑ። አስቀድማችሁ ባላችሁ ሌንስ ሥሩ፤ ከትዕይንቱ ምን ያህል እንደራቃችሁና በስንት ሰዓት እንደምታነሡ መዝግቡ። ማስታወሻችሁ ከ50 ሜትር በላይ ርቀትና የቀን ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ ረጅሙን፣ ቅርብ ርቀትና የምሽት መብራት የሚያሳይ ከሆነ ባለ ሰፊ ቀዳዳውን ምረጡ። ያም ሆኖ ሌንሱ አጭር ሆኖ በተገኘ ጊዜ ወደ እንስሳው መራመድ መፍትሔ አይደለም፤ ቀበሮው በምስሉ ላይ ትንሽ ሆኖ ይታይ፣ አደኑን ግን ይቀጥል።