ከዩሪያ ጀርባ ያለው ሃይድሮጅን፦ የዘርፍ ኮሚቴዎች ሚናና የዩኒየኖች ድርሻ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ምክንያት አዲስ አበባ ወሎ ሰፈር በተካሄደው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከዚህ ከወሎ ሰፈር የኢትዮ-ቻይና ወዳጅነት መንገድን ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ጎተራ ይደርሳል። ስሙ እንደሚያመለክተው የእህል ማከማቻ የነበረበት ሰፈር ነው። ወደ ላይ ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ የሄደ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ያገኛል። በአንዱ በኩል የገበሬው ምርት የሚገባበት ጎተራ አለ፤ በሌላው በኩል ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ጠረጴዛ አለ። የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኝ ነው። ይኸውም ሃይድሮጅን የተባለው ጋዝ፣ እርሱን ለማልማት በየአገሩ የሚቋቋሙት ኮሚቴዎችና የገበሬው ዩኒየን ከእነርሱ ጋር ሊኖረው የሚገባው ግንኙነት ነው።

"ሃይድሮጅን ለገበሬ ምኑ ነው?" የሚል ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም። መልሱ ግን በየማኅበሩ መጋዘን ውስጥ በጆንያ ተደርድሮ ይገኛል።

ዩሪያ ከምን ይሠራል?

ከአየሩ ውስጥ 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ቢሆንም ሰብል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ናይትሮጅኑ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ አሞኒያ መሆን ይኖርበታል። ይህን ዘዴ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 በቤተ ሙከራ አሳየ፤ ካርል ቦሽ ደግሞ ወደ ፋብሪካ ደረጃ አሳደገው። የመጀመሪያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 ኦፓው በተባለ ስፍራ ሥራ ጀመረ። አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ዩሪያ ይገኛል።

በቁጥር ሲታይ አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። ይህን ኩንታል ለመሥራት 57 ኪሎ ግራም ያህል አሞኒያ ያስፈልጋል፤ በዚያ አሞኒያ ውስጥ ደግሞ ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሃይድሮጅን አለ። ስለዚህ አንድ ገበሬ አንድ ኩንታል ዩሪያ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ 10 ኪሎ ሃይድሮጅን የፈጀ ዕቃ ገዝቷል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ለ2017/18 የምርት ዘመን ከውጭ ያስገባችው የአፈር ማዳበሪያ ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ሲሆን ዩሪያ ከዚህ ውስጥ ዋነኛ ድርሻ አለው። ከዚህ አኳያ ሲታይ የኢትዮጵያ ገበሬ ሳያውቀው የሃይድሮጅን ደንበኛ ሆኖ ኖሯል።

ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጅን አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነው። በመሆኑም ጋዝ ሲወደድ ዩሪያም ይወደዳል። በጥር 2013 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ከ300 ዶላር በታች የነበረው አንድ ቶን ዩሪያ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ከ900 ዶላር በላይ ደረሰ። የአውሮፓ ጋዝ ዋጋ መናርና የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ጢሱ ጎጃምና አርሲ ድረስ ታየ። በዚያ ዓመት ማሳውን አርሶ፣ አለስልሶ፣ ማዳበሪያ የጠበቀ ገበሬ ይህንን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ ውኃን በኤሌክትሪክ ኃይል ለያይቶ ሃይድሮጅን ማውጣት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ግብፅ በአስዋን ከአባይ ግድብ በሚገኝ ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ማዳበሪያ ሠርታበታለች። በዚምባብዌ ክዌክዌ ከተማ የሚገኘው ፋብሪካም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ ሲያመርት ቆይቶ በኤሌክትሪክ ዋጋና እጥረት ምክንያት አቁሟል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ፋብሪካ መትከል ብቻውን በቂ አይደለም። ኃይሉን የሚሸጠው፣ ማዳበሪያውን የሚያመርተውና ምርቱን የሚገዛው በአንድ ላይ ካልተማከሩ ሥራው መንገድ ላይ ይቀራል።

ኮሚቴዎች ምን ይሠራሉ?

እዚህ ላይ ነው የዘርፍ ኮሚቴዎች አስፈላጊነት የሚመጣው። ሥራቸው በሦስት ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛው ደረጃ ማውጣት ነው። ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ የቀለለ፣ በጠባብ ቀዳዳ የሚያመልጥ፣ ሲነድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን የማይታይ ነው። በምን ዓይነት ቧንቧ ይተላለፍ፣ በምን ዓይነት ሲሊንደር ይቀመጥ የሚለው ካልተወሰነ አደጋ ይደርሳል፤ ባንክ ገንዘብ አያበድርም። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሥር ይህንኑ የሚሠራ የቴክኒክ ኮሚቴ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በኢትዮጵያም ብሔራዊ ደረጃዎች የሚዘጋጁት በኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የቴክኒክ ኮሚቴዎች አማካይነት ነው።

ሁለተኛው መሥሪያ ቤቶችን ማገናኘት ነው። ሃይድሮጅን ውኃ፣ ኤሌክትሪክ፣ መሬት፣ መንገድና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። እነዚህ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች እጅ ናቸው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 ብሔራዊ የሃይድሮጅን ምክር ቤት ስታቋቁም 26 አባላትን ከኢንዱስትሪ፣ ከሳይንስና ከሲቪል ማኅበራት አውጣጥታ ነበር። ጎረቤት ኬንያም በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገችው ስትራቴጂ ከሃይድሮጅን ቅድሚያ የምትጠብቀው ማዳበሪያን ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ ገዥን ማረጋገጥ ነው። አምራቹ "ገዥ ሳላይ ፋብሪካ አልተክልም" ይላል። ገዥው ደግሞ "ዕቃው ሳይኖር ቃል አልገባም" ይላል። ሁለቱ ሲጠባበቁ ዓመታት ያልፋሉ። ብዙ አገሮች ያቀዷቸው የሃይድሮጅን ፕሮጀክቶች በወረቀት የቀሩት በዋናነት ቋሚ ገዥ በማጣታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ዳቮስ ላይ 13 ኩባንያዎች የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የሃይድሮጅን ካውንስል የኩባንያዎች ስብስብ ነው። ኩባንያዎች ተሰብስበው መምከራቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ሻጭ ብቻ ከተቀመጠ የሚወሰነው የሻጭ ጉዳይ ብቻ ይሆናል። የሙሽራዋ ቤተሰብ ያልተጠራበት ሽምግልና ሠርግ አያደርስም።

ከአገር ውስጥ የተገኘ ልምድ

ኮሚቴና ቅንጅት ምን እንደሚያስገኙ፣ ምንስ እንደሚጎድላቸው ኢትዮጵያ በባዮጋዝ አይታዋለች። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሲጀመር በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያዎችን ለመገንባት ታቅዶ ነበር። የተገነቡት ከ8,000 በላይ ናቸው። ውጤቱ ትንሽ አይደለም፤ ዕቅዱ ግን አልሞላም። ለአንድ ማብላያ እበት፣ ውኃ፣ ሲሚንቶ፣ የሠለጠነ ግንበኛ፣ ብድርና ከተሠራ በኋላ ተከታትሎ የሚጠግን ባለሙያ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ማብላያው ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም የተሟላለት ቤተሰብ ግን ምግቡን በጋዝ አብስሎ ተረፈ ምርቱን ለማሳው ማዳበሪያ ያደርጋል። ሃይድሮጅን ከባዮጋዝ በብዙ እጥፍ የከበደ ሥራ ስለሆነ ቅንጅቱም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት።

የዩኒየን ድርሻ

ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የማምረት አቅሙ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንደሚሆን ተገልጿል። የመሠረት ድንጋዩም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተቀምጧል። ፋብሪካው ሃይድሮጅኑን የሚያገኘው ከካሉብና ከሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል።

"ታዲያ ዩሪያውን በሕዳሴው ኤሌክትሪክ ለምን አንሠራውም?" የሚል ይኖራል። ሒሳቡን መሥራት ይገባል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውኃ ለማውጣት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይጠፋል። ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። 3 ሚሊዮን ቶን በዚህ መንገድ ለማምረት ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ኃይል በሙሉ ቢሰጥ እንኳ የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ ምርጫው ሁሉንም በአንዱ መንገድ ማድረግ ሳይሆን የትኛው፣ የት፣ በምን መጠን፣ በምን ዋጋ ብሎ መወሰን ነው። ይህ ውሳኔ የሚሰጠው በኮሚቴ ነው። ጥያቄው ውሳኔው ሲሰጥ ገበሬውን ወክሎ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው።

ዩኒየኖች ወደዚያ ጠረጴዛ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። በየዓመቱ የማዳበሪያ ፍላጎት ከቀበሌ ተነስቶ፣ በወረዳና በዞን ተጠቃሎ ወደ ላይ ይላካል። ስርጭቱም በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበራት መጋዘን በኩል ያልፋል። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ኩንታል እንደወሰደ የሚያሳየው መዝገብ በማኅበሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሌሎች አገሮች አጥተው የሚንከራተቱበት የታወቀና የማይቋረጥ ገዥ በዚያ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። መሠረታዊ ማኅበራት የፍላጎት መዝገባቸውን በጥራትና በወቅቱ ይያዙ፤ የተጋነነ ቁጥር የሚጎዳው ራሱን ገበሬውን ነው። ዩኒየኖች ተባብረው ስለ ማዳበሪያና ስለ ሃይድሮጅን በሚመክር ማንኛውም ኮሚቴ ውስጥ መቀመጫ ይጠይቁ፤ የሚልኩትም ሰው የማሳውን ሥራም ሒሳቡንም የሚያውቅ ይሁን። የተላከውም ሰው የሰማውን ለጠቅላላ ጉባኤ ተመልሶ ይናገር፤ ቃለ ጉባኤ በፋይል ታስሮ ቢቀመጥ ለማንም አይበጅም።

እስከዚያው ድረስ ኮምፖስቱ፣ ፍጉና ከጥራጥሬ ጋር ሰብል ማፈራረቁ አይቋረጥ። የፋብሪካው ዩሪያ እስኪደርስ ክረምቱ ቆሞ አይጠብቅም።

ክቡራትና ክቡራን፣

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባለ ነው ይህ ዩኒየን የተመሠረተው። በተናጠል በነጋዴ ፊት አንገቱን ይደፋ የነበረ ገበሬ ተደራጅቶ ዋጋ ለመደራደር በቅቷል። ያንኑ ድፍረት አሁን ማዳበሪያው ከሚወሰንበት ጠረጴዛ ዘንድ ማድረስ ይቀራል። ጎተራው የሚሞላው ከዚያ ሲጀመር ነው።

መልካም በዓል!