ከመርፌ ጋር የሚገባ ባዕድ ቅንጣት

አቅራቢ 1፦ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት የብርጭቆ ስባሪ፣ የጎማ ክዳን ፍርፋሪ ወይም ያልሟሟ ዱቄት ከያዘ በመንገዱ የሚያጣራው የለም። ቅንጣቱ የሳንባን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊደፍን ይችላል።

አቅራቢ 2፦ ጥፋቱ ሁሉ ግን ከፋብሪካ አይመጣም። አምፑል ሲሰበር ብርጭቆ ይረግፋል። የከፋው ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለው ሪንገር ላክቴት ጋር ሲቀላቀል የሚፈጠረው ዝቃጭ ነው፤ ከካልሲየም ጋር በመሰጠቱ የሞቱ ጨቅላዎች አሉ።

አቅራቢ 1፦ የአሜሪካ የመድኃኒት መመዘኛ፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ 10 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ቅንጣቶችን በአማካይ እስከ 6000 ይፈቅዳል። ዜሮ አይልም!

አቅራቢ 2፦ በዓይን የሚታየው ግን አይወጋም። ዲማም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ብልቃጡ በብርሃን ፊት፣ በነጭና በጥቁር መደብ ላይ ይታያል። ጉድለት የተገኘበት ከነምርት መለያ ቁጥሩ ተይዞ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይነገራል።