በኤሌክትሪክ የሚነዱ አውቶሞቢሎችና የላላ ብሎን

(በራዲዮ የተነገረ)



ለዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም በአውቶሞቢል እግር ውስጥ ስላለ ብሎን ነው። ነገር ግን ይህ ብሎን የላላ እንደሆነ ጎማውን ይዞ የሚኖረው ክንድ ይለቃል፤ ክንዱም በለቀቀ ጊዜ መሪው በነጂው እጅ መሆኑ ቀርቶ በመንገዱ ፈቃድ ይሆናልና ነገሩን ንቆ ማለፍ አይገባም።

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚነዱት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በዝተዋል፤ ወደ ክልሎችም መውጣታቸው አልቀረም። በጉባ ወረዳ የተሠራውና 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ ኃይሉ ከገዛ ምድሩ ለሚወጣው ለቤንሻንጉል ጉሙዝ ሰው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንግዳ ነገር ነው ሊባል አይቻልም።

አሁን ወደ ብሎኑ እንመለስ። በብዙ አገሮች አንድ ፋብሪካ የሸጠው አውቶሞቢል ለሕይወት የሚያሠጋ ጉድለት ያለበት መሆኑን በተረዳ ጊዜ ባለቤቶቹን በይፋ ጠርቶ ያለ ዋጋ እንዲያድስ በሕግ ይገደዳል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው ቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ከሚባሉት አውቶሞቢሎቹ 2,791ዱን ጠራ፤ ምክንያቱም የፊት እግራቸውን የሚያያይዙት ብሎኖች ሊላሉ መቻላቸው ነበር። በሰኔ ወር በዚያው ዓመት ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ የተባለውን አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሉን፥ ቁጥሩ 2,700 ያህል የሆነውን፥ የጎማው ብሎን ላልቶ ጎማው ሊወልቅ ይችላል ሲል ጠራ፤ እስኪታደስም ድረስ ማንም እንዳይነዳው ለመነ። መድኃኒቱ የተገኘው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ስለሆነ ባለቤቶቹ ክረምቱን በሙሉ ጠበቁ። በዚያው በመስከረም ወር ሪቪያን የተባለው ፋብሪካ እስከዚያ ጊዜ ከሠራቸው የሚበዙትን፥ ማለት 12,212 ያህሉን ጠራ። የላይኛውን ክንድ ከጎማው መያዣ ጋራ የሚያገናኘው ብሎን በበቂ ኃይል ሳይጠብቅ ቀርቶ ይሆናል ተብሎ ነው። እድሳቱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር! በዘመናዊ መሣሪያ በተሞላ ፋብሪካ አንድ እጅ ቁልፉን አንድ ዙር ሳያዞር ቢቀር እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል።

የእኛ መካኒኮች ይህን ክፍል ከጣልያንኛ በወረሱት ቃል ብራሶ፥ ቴስቲና፥ ዳዶ እያሉ ይጠሩታል፤ ከእነርሱ ጋራ የሚነጋገር ሰው እነዚህን ስሞች ማወቅ ይጠቅመዋል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከሌላው የሚለየው በባትሪው ክብደት ነው፤ በብዙዎቹ ባትሪው ብቻውን ከ300 እስከ 500 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ሁሉ ሸክም በብራሶና በቴስቲና ላይ ያርፋል። ከአዲስ አበባ በነቀምት፥ በግምቢ፥ በመንዲና በባምባሲ በኩል አሶሳ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ከአሶሳ አልፎ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚሄድ ደግሞ ኮረኮንቹንና የክረምቱን ቀይ ጭቃ ያውቀዋል። አህያ ጭኖ ሩቅ የሚሄድ ነጋዴ ገመዱን በየመንገዱ የሚያጠብቀው መንቀጥቀጥ ቋጠሮን እንደሚፈታ ስለሚያውቅ ነው።

ይልቁንም የሚያሳስበን ሌላ ነው። ፋብሪካው የሚጽፈው የጥሪ ደብዳቤ የሚደርሰው በመዝገቡ ላይ ስሙ ላለው ባለቤት ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡት ብዙዎቹ ግን ለቻይና ገበያ ተሠርተው፥ በግል ነጋዴዎች እጅ አልፈው፥ በጂቡቲ በኩል የመጡ ናቸው። ፋብሪካው የአሶሳውን ባለቤት አያውቀውም፤ ደብዳቤው በቻይና አገር ይቀራል፤ የላላው ብሎን ግን ከአውቶሞቢሉ ጋራ መጥቷል። ለመናገር ድፍረት ባይሆንብኝ፥ አስመጪው የሸጣቸውን አውቶሞቢሎች የሻንሲ ቁጥር መዝግቦ እንዲይዝና ጥሪ በወጣ ቁጥር እንዲያመሳክር ቢገደድ መልካም ነበር እላለሁ። ትርፉን የወሰደ ሰው አድራሻውን ለመያዝ ሊከብደው አይገባም።

እስከዚያው ባለቤቱ ራሱ ይጠይቅ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ መጀመሪያው የላቲኑ «ኤል» ከሆነ አውቶሞቢሉ የተሠራው በቻይና ነው። እንዲህ ያለውን በአሜሪካ መዝገብ መፈለግ ከንቱ ድካም ስለሆነ የቻይናን የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ማስፈለግ፥ ወይም ለፋብሪካው በቁጥሩ መጻፍ ይሻላል። በሚገዛበትም ጊዜ ስለ ጥሪ ነጋዴውን ይጠይቀው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

በጉዞ ላይ ደግሞ ጆሮ ትልቅ መሣሪያ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሞተሩ ስለማይጮኽ ከሥር የሚመጣ ኳኳታ ይሰማል፤ ራዲዮኑን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ የእኛንም ንግግር ቢሆን። ኳኳታ ሲሰማ፥ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲስብ ወይም ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ ሲበላ፥ የቦሎ ምርመራ እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ቆሞ ማስመርመር ነው። መካኒኩም ብሎኑን በክንዱ ጉልበት ገምቶ ሳይሆን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ያጥብቀው፤ አብዝቶ ማጥበቅም ብሎኑን ይቆርጠዋልና። ጎማው ወልቆ ከተመለሰ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ብሎኑ እንደገና መታየት አለበት። ከአሶሳ ለተነሣ መንገደኛ ይህ ከባምባሲ አለፍ ብሎ ነው፤ እዚያ ወርዶ አራቱንም ጎማ ይመልከት።