መርፌውን ማን ይያዝ?



እዚህ ቆሰበር እንኳ ወጣት ነርሶች «ዶክተር፣ የቦቶክስና የፊለር ሰርተፊኬት የት ልውሰድ?» ይሉኛል። አልቆጣም፤ እንጀራ ነው የሚፈልጉት። ቦቶክስ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈቀደው ለዓይን ሕመም ነበር፤ በቅንድብ መካከል ላለ መጨማደድ የተፈቀደው በ2002 ነው። ፊለር ግን ሌላ ጣጣ አለው። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ከሆነ ማርከሻው ሃያሉሮኒዴዝ ነው፤ እሱም ቶሎ ከተሰጠ። እና እኔ መልሼ «ማርከሻው ከአጠገብሽ ይኖራል?» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ስሙን የሚሰሙት ያኔ ነው።

መምህሮቻችን፣ የፊትን የደም ሥሮች ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ይህን ኮርስም ከነልምምዱ፣ ከነፈተናው እናንተ ክፈቱት። ለማስተማር ከቆሰበር እመጣለሁ፤ አበልም አልጠይቅ።