የዘፈኑ ቃል የማን ነው?

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዘፈን ስንሰማ ዘፋኙን እናመሰግናለን። ዜማው ደስ ያሰኘን እንደ ሆነም ባለ መሰንቆውን ወይም የሙዚቃውን ጓድ እናደንቃለን። ነገር ግን ልባችንን የነካውን ያንን ቃል ማን እንደ ገጠመው የምንጠይቅ ስንቶች ነን? ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ ስለ ተረሳው ሰው፥ ስለ ባለ ግጥሙ ነው። ነገሩንም ከሰው ጥፋት ሳይሆን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ባለፈው ጥር ወር ለዘመድ ሠርግ ወደ ቢቸና ሄጄ ነበር። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ ያ አገር በእህሉ ብቻ ሳይሆን በቅኔውም የጠገበ አገር ነው። በሠርጉ ዳስ ውስጥ ባለ መሰንቆው አንድ የታወቀ ዘፈን ጀመረ፤ ወጣቱም ተነሥቶ እስክስታውን ያወርደው ጀመር። ያንን ዘፈን እኔም በማዘጋጀው የሬዲዮ ዝግጅት ደጋግሜ አሰምቼዋለሁ፤ በመዝገብ ካርዱም ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌበታለሁ። ከአጠገቤ ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋራ ጨዋታ ለመጀመር ያህል፥ «አባቴ፥ ይህን ግጥም የገጠመው ማን ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፥ «አገሩ ነዋ፥ ልጄ!» ሲሉ መለሱልኝ።

መልሱ ደስ አሰኘኝ። በካርዱ ላይ የጻፍሁትም ትክክል መስሎ ታየኝ። ሽማግሌው ግን ትንሽ ቆይተው የጨመሩት ሌላ ቃል ነበር፤ እርሱን ለንግግሬ መጨረሻ ላቆየውና በፊት ስለ ባለ ግጥም ዕድል ጥቂት እንነጋገር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ኤርኔስት ቡርዤ የተባለ ፈረንሳዊ የዘፈን ግጥም ደራሲ ከጓደኞቹ ጋራ በፓሪስ ከተማ፥ በሻንዜሊዜ ጎዳና አጠገብ ወደ ነበረ አንድ የሙዚቃ ቡና ቤት ገባ። እየጠጡ ሲጨዋወቱ ከመድረኩ ላይ የሚዘፈነው እነርሱው የደረሱት ሥራ ሆነ። ሒሳብ በተጠየቁ ጊዜ አንከፍልም አሉ። ምክንያታቸውም፥ ቡና ቤቱ ድካማችንን ያለ ዋጋ ከወሰደ እኛም መጠጡን ያለ ዋጋ ብንጠጣ ምን ነውር አለው የሚል ነበር። ነገሩ ከዳኛ ፊት ቀርቦ ፍርዱ ለደራስያኑ ሆነ። ከዚያም በ1851 ዓ.ም. የግጥም ደራስያን፥ የዜማ ደራስያንና የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር በዚያው በፓሪስ ተቋቋመ፤ ማኅበሩ ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል። እንግዲህ አንድ ባለ ግጥም ለአንድ ብርጭቆ ሒሳብ ያነሣው ክርክር ለብዙ ሺህ ደራስያን እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

እኛስ? እኛ ዘንድ ባለ ግጥም ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋው ስሙ ነው። ለዚህም ከሁሉ ይልቅ ምስክር የሚሆኑን የምሥራቅ ጎጃሙ ተወላጅ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ የተጠራ ደብር ነው። በዚያው አገር በቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድም ደብረ ወርቅ ይገኛሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን የቀሰሙት በእነዚሁ አድባራት ነበር። ስለዚህ ከዚያ አገር የቃል ሊቅ መውጣቱ ሊያስደንቀን አይገባም።

የቅኔ ቤት ሥራ እንዴት እንደ ሆነ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ተማሪ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፥ ቀጥሎም ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ተማሪው ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ፥ ቃሉን ከዜማው ልክ ጋራ አጋጥሞ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናዋል ወይም ይጥለዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አለመደገሙ ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ ይህ ልማድ ሁለት ልጆች ወልዷል። አንደኛው ልጅ የተባረከ ነው፤ አእምሮን በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲፈጥር ያስገድደዋል። ሁለተኛው ልጅ ግን አጥፊ ነው፤ ዛሬ የተነገረው ቅኔ ለነገ ስለማይፈለግ በብራና ላይ ሳይሰፍር ከነባለቤቱ ከአየር ጋራ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ ዘመን ቅኔ በስም የቀረልን ከባሕር በጭልፋ ነው።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በዚህ ቤት አድገው፥ በማሕሌት ጊዜ በቀኝ በኩል የሚቆሙትን መዘምራን የሚመራውን የቀኝ ጌትነት ማዕርግ ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያን ጊዜ ከተማው አዲስ ነገር በመቀበል ላይ ነበር። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማም ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ምሳሌ የጻፉት የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር ታይቷል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔም በትምህርት ቤት መምህር ሆነው ከተማሪዎቻቸው ጋራ ቲያትር ያሳዩ ጀመር። በቲያትራቸው ውስጥ ግጥምና መዝሙር ዋነኛ ስፍራ ነበረው። በቤተ መቅደስ የሠለጠነው ቃል እንዲህ ሆኖ ወደ መድረክ ወጣ።

ከሥራቸው ሁሉ በላይ በሰፊው የተሰማው ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ነው። የዜማው ደራሲ ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባሉ አርመናዊ ነበሩ። እኒህ ሰው በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው የ40ዎቹ የአርመን ልጆች የሙዚቃ መምህር ናቸው። ቃሉን ያበጁት ደግሞ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ መሆናቸው ይነገራል። ሥራው ቀላል አልነበረም። የቅኔ ዜማ እንደ ባለ ዜማው ትንፋሽ ይረዝማል፥ ያጥራል፤ የነሐስ ሙዚቃ ግን በተቈጠረ ምት የሚሄድ ስለ ሆነ ለአንድ ፊደል እንኳ ቦታ አይለቅም። በደብረ ኤልያስ የተማረ አንደበት በአርመናዊ እጅ ከተሠራ ዜማ ጋራ ተስማምቶ መገኘቱ ትልቅ ብልሃት ነው። በፈረንሳይም ከብዙ ዓመታት በኋላ ባለ ግጥሙ ዣክ ፕሬቬርና በሃንጋሪ የተወለደው ባለ ዜማ ዮሴፍ ኮስማ ስለ ረገፉ ቅጠሎች የደረሱት ዘፈን፥ በኢጣልያ በተወለደው በኢቭ ሞንታን አንደበት የፈረንሳይ ሁሉ ዘፈን ሆኗል። የዘፈን ቃል የአገር ሲሆን ባለ ዜማው ከየትም ቢመጣ ባዕድ አይሆንም።

መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀልና ሲወርድ ተዘምሯል። ከእነዚያ ሁሉ ተማሪዎች መካከል የቃሉን ባለቤት ስም የሚያውቅ ስንቱ ነበር?

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በስደትም ሳሉ ለአገራቸው ነፃነት ደከሙ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ እርሳቸውም ተመልሰው መንግሥታቸውን አገለገሉ። ከቲያትሮቻቸው መካከል ስሙ ዘወትር የሚነሣው «አፋጀሽኝ» ነው። በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መዝሙሩ ግን ከእርሳቸው በኋላ 28 ዓመት ያህል ሲዘመር ኖረ።

በ1967 ዓ.ም. የመንግሥቱ ሥርዓት ሲለወጥ መዝሙሩም ተለወጠ፤ የአዲሱን መዝሙር ቃል አሰፋ ገብረ ማርያም፥ ዜማውን ዳንኤል ዮሐንስ ደረሱ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በደረጀ መላኩ ግጥምና በሰሎሞን ሉሉ ዜማ የተሠራው ተተካ። መዝሙር ሊለወጥ ይችላል፤ ዘመን የሚያመጣው ነው። የደራሲ ስም ግን ከመዝሙሩ ጋራ አብሮ ሊቀበር አይገባም። የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ድርሰቶች አብዛኞቹ በሕይወት ሳሉ አልታተሙም። ባለቅኔው ዮሐንስ አድማሱ የሕይወታቸውንና የጽሑፋቸውን ታሪክ ፈልገው አሰባስበው ባይጽፉ ኖሮ፥ ዛሬ የምናውቀው ከዚህም ያነሰ በሆነ ነበር። የዮሐንስ መጽሐፍ ራሱ ለኅትመት የበቃው ጸሐፊው ካረፉ በኋላ ነው። የባለ ግጥምን ስም የሚያድነው ሌላ ባለ ብዕር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ክቡራን አንባብያን፥ አብዛኞቻችሁ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ስለ ሆናችሁ «ሕግስ የለንም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ደንግጓል። ከዚያም በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 410 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ጥበቃ በሰፊው አብራርቷል፤ በ2007 ዓ.ም. ይኸው አዋጅ ተሻሽሏል። ደራሲ ከሥራው ዋጋ ማግኘት ብቻ ሳይሆን ስሙ ከሥራው ጋራ እንዲጠራ መብት አለው። ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው የታወቀን ስም ነው። «የሕዝብ» ተብሎ የተጻፈበትን ካርድ ይዞ ዳኛ ፊት የሚቆም ማን ነው?

አሁን ወደ ቢቸናው ዳስ ልመለስ። ሽማግሌው «አገሩ ነዋ» ካሉ በኋላ ጭፈራውን ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፥ «አገሩ ነው ማለቴ አገሩ ስለ ተቀበለው ነው እንጂ፥ አገር ያለ ሰው አፍ የለውም። ይህን ቃል ያወጣችው የእናቴ ታናሽ እኅት ናት፤ ሞጣ ነበር ትዳሯ። ወንድሟ በጠላት ዘመን ከአርበኞች ጋራ ወጥቶ ቀረ፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። እሷ ያለቀሰችበትን ነው ዛሬ እናንተ የምትጨፍሩበት» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት ያደረብኝን ስሜት መግለጽ ያስቸግረኛል። የዘፈኑን ቃል እንደ ገና አዳመጥሁት። የፍቅር ዘፈን ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ያሰማሁት ነገር ሙሾ ሆኖ ተገኘ። የማይመጣው ወዳጅ፥ ያልተነጠፈው አልጋ፥ የተዘጋው በር፥ ሁሉም ሌላ ትርጕም ያዘ። እኔ ሰሙን ይዤ ወርቁን ለአድማጭ ነሥቼ ኖሬአለሁ። የባለ ግጥሟን ስም አለማወቄ ስሟን ብቻ ሳይሆን ግጥሟንም አሳጣኝ።

እንዲህ ያለው ነገር በሞጣና በቢቸና ብቻ የተወሰነ አይደለም። የቢቸናው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ከሞቱ በኋላ ስንት ፉከራና ስንት እንጉርጉሮ እንደ ተገጠመላቸው የዚያ አገር ሰው ያውቃል። የጀግናውን ስም ሁሉም ይጠራል፤ ባለ ግጥሞቹን ግን የሚጠራ ጥቂት ነው። በወፍጮ ላይ ያንጐራጐሩት፥ በልቅሶ ቤት አልቃሽ ሆነው ያስለቀሱት ሴቶች ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ተረስተዋል።

ወደ ሥራዬ በተመለስሁ ጊዜ በመጀመሪያ የሠራሁት ነገር ያንን ካርድ ማውጣት ነበር። «የሕዝብ» የሚለውን ሰርዤ የሴትዮዋን ስም፥ አገሯንና ግጥሙ የተገጠመበትን ምክንያት ጻፍሁበት። ስሟን በዚህ ንግግር ያልጠራሁት ገና የቤተ ዘመዶቿን ፈቃድ ስላልጨረስሁ ነው፤ ሲፈቅዱልኝ ዘፈኑን ከነስሟ አሰማለሁ።

እናንተም በዓመት ፈቃድ ወይም ለበዓል ወደየአገራችሁ ስትወርዱ ከስጦታው ጋራ አንድ ደብተር ያዙ። ዘፈን ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን ገጠመው? የት ገጠመው? ስለ ምን ገጠመው? የመጀመሪያው መልስ «አገሩ ነው» የሚል ቢሆን ተስፋ አትቍረጡ፤ ትንሽ ቆዩ። እኔ በሠርጉ ማግሥት ወደ አዲስ አበባ ስመለስ እኒያ ሽማግሌ እስከ መኪናው ድረስ ሸኝተውኝ ነበርና፥ ሲሰናበቱኝ፥ «አደራ፥ ልጄ፤ እኔም ባልፍ የሚነግርህ የለም» አሉኝ። ያንን አደራ ዛሬ ለእናንተ አካፍያለሁ።