ከመስኮቱ ማዶ ለቆመው ሰው

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ የግቢ ጉባኤ ተመራቂዎች፤ ዛሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር ፈቅጃለሁ፤ ከአፋችን ስለሚወጣው ቃል። ለሰው በመልካም አንደበት መናገር በእኛ ዘንድ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው፤ ከሃይማኖት ይልቅ ከአስተዳደግ ይቆጠራል። እኔ ግን ከእምነት ሥራ አንዱና ዋነኛው ነው እላለሁ። አንድ ክርስቲያን የሚያምነውን በእውነት ማመኑ የሚታወቀው መልሶ ሊናገረው ለማይችል ሰው በሚናገረው ቃል ነው።

የያዕቆብ መልእክት 5 ምዕራፎች ብቻ ያሏት አጭር መልእክት ናት። ብዙዎቻችን የምናስታውሳት 3ኛው ምዕራፍ ላይ ስለ አንደበት በተጻፈው ነው፤ በፈረሱ ልጓም፣ በመርከቡ መሪ፣ ጫካ በሚያቃጥለው ትንሽ እሳት። ከዚያ በፊት ግን፣ በ2ኛው ምዕራፍ፣ ሐዋርያው አንድ የጉባኤ በር ያሳየናል። የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰውና ያደፈ ልብስ የለበሰ ድኻ ይገባሉ። ባለቀለበቱ መልካሙን ስፍራ ይሰጠዋል፤ ድኻው ወይ እንዲቆም ወይ ከእግር በታች እንዲቀመጥ ይነገረዋል። ልብ በሉ፤ ድኻውን የመታው የለም፣ የዘረፈውም የለም። የደረሰበት በደል የተነገረው ቃል ነው። ያዕቆብ ይህን እንደ ነውር አላለፈውም፤ ኃጢአት ብሎ ጠራው። እግዚአብሔርን የሚያመሰግን አፍ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው ከሰደበ፣ ያመሰገነውን መልሶ ሰድቧልና።

አማርኛችን ደግሞ ይህን ፈተና በየዓረፍተ ነገሩ ያቀርብልናል። ጋቢያቸው የነተበ አዛውንት በሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ወረቀታቸውን ይዘረጋሉ። «ነገ ና!» ይባላሉ፤ ቀና ብሎ ያያቸው እንኳ የለም። ከኋላቸው የቆመው ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነው፣ «ይቅርታ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ» ይባላል። የሁለቱም መልስ አንድ ነው፤ ዛሬ አገልግሎት የለም። ልዩነቱ ያለው በአንዲት ግስ ላይ ነው፤ አዛውንቱ ግን ያችን ግስ ይዘው ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት። «አንተ» ማለት በራሱ ስድብ አይደለም፤ እናት ልጇን፣ ጸሎተኛ አምላኩን የሚጠራበት የቅርበት ቃል ነው። ጥፋቱ ቃሉን በልብስ መዝነን ስናድል ነው።

ቃል ከጉዳዩ ይልቅ ቀላል ነው የሚል ካለ ሮብዓምን ያስብ። በክብረ ነገሥት ትረካ የቀዳማዊ ምኒልክ ወንድም የሆነው ይህ ንጉሥ በሴኬም ሊነግሥ ሲሄድ ሕዝቡ አንድ ነገር ለመነው፤ አባቱ ሰሎሞን የጫነበትን ቀንበር እንዲያቀልለት። ሮብዓም 3 ቀን ቀጠሮ ሰጠ። ሽማግሌዎቹ በመልካም ቃል እንዲመልስ መከሩት፤ አብሮ አደጎቹ ግን እንዲያስፈራራ። የጓደኞቹን ምክር ይዞ የአባቱን አለንጋ በጊንጥ እንደሚተካው ነገራቸው። ዐሥሩ ነገድ ከእጁ ወጣ፤ አስገባሪው አዶኒራም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ፤ ንጉሡም በሠረገላ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። የተከፈሉት ሁለቱ መንግሥታት ከዚያ በኋላ ተመልሰው አንድ አልሆኑም። እርግጥ ነው፣ ሕዝቡን ያስመረረው ሸክሙ ነበር። ነገር ግን ሸክሙን ለዓመታት ተሸክሞት ኖሯል፤ የተነሣው ተስፋ አድርጎ ከቀረበ በኋላ የተናቀ ዕለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ሊሰሙ ይገባል። አንደኛው፣ ጣፋጭ ቃል ከሽንገላ በምን ይለያል የሚል ነው። ያዕቆብ ራሱ ለተራበና ለታረዘ ወንድሙ ምንም ሳይሰጥ በሰላምታ ብቻ የሚሸኘውን ሰው ወቅሷል። ሮብዓምም በመልካም ቃል መልሶ ቀንበሩን ባያቀል ኖሮ ሕዝቡን ከማታለል አይድንም ነበር። መልካም ቃል የሚገባውን ሥራ አይተካም፤ «ዛሬ አይቻልም» ማለት ግድ ሲሆን ግን ሰውየውን ሳያዋርዱ ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ጌታ ራሱ በማቴዎስ ወንጌል 23ኛ ምዕራፍ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በጽኑ ቃል አልገሠጸም ወይ? ገሥጿል። የገሠጸው ግን በሰው ትከሻ ላይ ከባድ ሸክም የሚጭኑትን ነው፤ ያው ምዕራፍ ሲጨርስም ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር እንደምትሰበስብ ኢየሩሳሌምን ሊሰበስባት መውደዱን ይነግረናል። የእርሱ ተግሣጽ ኃያላኑ ላይ አረፈ፤ የእኛ ቁጣ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ በጥበቃው ላይ፣ በቤት ሠራተኛዋ ላይ፣ ወረፋ በያዘው ገበሬ ላይ። አለቃችን ፊት ስንቀርብ አንደበታችን ይለዝባል። ስለዚህ «ተፈጥሮዬ ቁጡ ነው» የሚለው ምክንያት አያዋጣም፤ በአለቃው ፊት ራሱን የገዛ ሰው በጥበቃው ፊትም መግዛት ይችላል።

ራስን መግዛትን ከጾም እናውቀዋለን፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሥጋና ወተት ሳንቀምስ እንፈጽማለን። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ዓይንና ጆሮ፣ አንደበትም አብረው እንዲጾሙ አስተምሮናል። የሥጋው ጾም በፋሲካ ይፈታል፤ የአንደበት ጾም መፍቻ ቀን አልተቀጠረለትም።

ውድ ተመራቂዎች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አንዳንዶቻችሁ በሆስፒታል፣ አንዳንዶቻችሁ በባንክ፣ በፍርድ ቤት፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከመስኮቱ ወዲህ ትቀመጣላችሁ። ከማዶ የሚቆመው ሰው ከሩቅ መጥቶ ይሆናል፣ ማንበብ አይችልም ይሆናል፣ ጥያቄውን በሁለተኛው ጊዜም አያስረዳም ይሆናል። ቀና ብላችሁ እዩት፤ «እርስዎ» በሉት፤ ሦስተኛም ጊዜ ስሙት። አደራ።